አንድ ጆንያ መራራ

እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ በፎርዶፌን ወደብ፤
ሥራዬ መመዘን፣ መጻፍ፣ ደግሞ ማሰብ፤
ለማሰቡ እንኳን ማንም አይከፍለኝም፤
መኪናው ሲመጣ ግን መተው አልቻልኩም።

ከአንድሮይ ደረቅ ምድር፣ ሁለት ቀን ተጉዞ፣
ጆንያ በጆንያ ላይ፣ አቧራውን ይዞ፣
ይገባል በበሩ።
ቶንጋ ነው በሙሉ፤ ቅጠሉም ሆነ ሥሩ።

ቶንጋን ካላያችሁ፦ አምስት ቅጠል ያለው፣
ሮዝ የሆነ አበባ፣ ዓይኑን ቀይ የተኳለው፤
አሸዋ የማይገፋው፣ ፍየል የማይቀምሰው፤
ፍየል የናቀውን ምን ቆርጦት ሊቀምስ ሰው?

ሰው ግን ይቀምሰዋል።
ቮሪሶዋ ናት ይህን ያስተማረችኝ፣
ከጆንያዋ ጥላ ሥር «ቁጭ በል» እያለችኝ፦

«ጥርስህ ሲጠዘጥዝህ ሥሩን ነክሰህ ያዘው፤
ምራቁን ግን ትፋው፣ ከዋጥከው መርዝ ነው።
ሽንቱ የወደቀበት ጉንዳን ለሚወረው፣
ውሃ እየጠጣ ጥም ለሚያንገበግበው፣
እናቴ ቅጠሉን በሸክላ አፍልታ
ታጠጣው ነበረ አንድ ኩባያ ለማታ።
ሁለት አይደለም፣ አንድ፤
ሁለት የጠጣውን ቀብረነዋል በዚህ መንገድ።

ስትነቅል ደግሞ ሁሉን አትጨርሰው፤
ዘር የቋጠረውን ለንፋሱ አውሰው።
ንፋስ ብድር ይመልሳል፤
ነጋዴ ነው የሚረሳው።»

ውሃ ጠጥታ ቀጠለች፦
«ኬሬ ያልነው ረሃብ፣ ሰማይ ሲዘጋብን፣
ቁልቋሉ እንኳን አልቆ ምድሩ ሲነጣብን፣
ይህን አላመጥን።
አፍ ሲመረው ሆድ ይረሳል።
ሆድ ሲረሳ ሌሊት ያልፋል።
ሰባት ልጆች ነበርን።»

የቀረውን ቁጥር እኔ አልጠየቅሁም፣
ሚዛን ያዥ ብሆንም።

አንድ ቀን፣ ጆንያዋን ከመንጠቆው ስሰቅል፣
«የት ይሄዳል» አለች «ይህ ሁሉ ቅጠል?»
የሰማሁትን አልኳት፦ ባሕር ይሻገራል፣
በጠርሙስ በጠርሙስ ነጥሮ ይጣራል፤
ደሙ የከዳው ልጅ፣ ነጭ አልጋ ላይ ያለ፣
በክንዱ ተሰጥቶት ይነሳል እየዘለለ።

ዝም አለች። ንፋሱ ቀሚሷን አነሳው።
«በአንድ ጆንያ» አለች «ስንት ልጅ ነው የሚነሳው?»

አለቃዬን ጠየቅሁ፣ ራዛናፓራኒን።
ሳቀብኝ፦ «አንድ መኪና ሙሉ ቅጠል ቢሆን
የሚወጣው መድኃኒት ጥፍር አይሸፍን!»

ሳምንት ሙሉ ፈራሁ። በሳምንቱ ነገርኳት።
አልከፋትም መሰለኝ፣ ትክ ብዬ ሳያት።
«እንግዲህ የኔ ጆንያ» አለች፣ እጇን ዘርግታ፣
«የአንዱ ልጅ ትንሿ ጣት ናት»፤ የራሷን ለክታ።

በሚቀጥለው ጭነት ጆንያዋ ዘጠኝ ኪሎ።
ከበደኝ። ፈታሁት። ከሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
የወንዝ ድንጋይ።
«ንፋስ እንዳይወስደው ነው» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ፤
«ቅጠል ሲደርቅ፣ ታውቃለህ፣ መብረር ያምረዋል።»

ሕጉ፦ ድንጋይ ያለበት ጆንያ ይወረሳል።
ሚዛን አይዋሽም ይላሉ። እውነት ነው።
ያዡ ግን ሰው ነው።
ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

ድንጋዩ አሁን መዝገቤ ላይ ተቀምጧል፤
መስኮቱን ስከፍት ገጹን ይዞ ይጠብቃል።
ቮሪሶዋ አልመጣችም። ሦስት ጭነት ተራገፈ፤
ሾፌሩን ብጠይቅ በአጠገቤ አለፈ።

በኛ አፍ ቶንጋ ማለት «ደረሰ» ማለት ነው፤
አበባው ይህን ስም ከየት እንዳገኘው
አላውቅም።
መድረሱንስ ይደርሳል፤
ተመልሶ አይመጣም።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ግንቡ ከተሰነጠቀበት፣
ከጆንያ ያመለጠ ዘር በቅሎበት፣
አበበ። ማንም አልመዘነው።

ዛሬ ጠዋት ቅጠሉን ቀነጠብኩ፤ አላመጥኩት።
ምሬቱ ዓይኔ ድረስ ገባ። ምራቁን ተፋሁት።

የምሳ ደወል ተደወለ።
ጓደኞቼ ወጡ። ሩዝ ሸተተኝ።
አልራበኝም።